የዱላ ፈረስ ውሸት ነውን?



አልሐምዱሊላህ፣ ስለ ልጆቻችን አስተዳደግ የምንወያይበት ጊዜ ዳግም ደርሷል። በዚህ ወር ያነሣነው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ሕፃናት ተሰባስበው አንዱ አባት፣ አንዷ እናት፣ ሌላው ነጋዴ፣ ሌላዋ ሐኪም እየሆኑ የሚጫወቱት፣ እኛ «እቃ እቃ» የምንለው ጨዋታ ነው። ከልጅነቱ ይህን ሳይጫወት ያደገ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ካደግን በኋላ ጨዋታውን ወይ እንንቀዋለን፣ ወይ እንፈራዋለን። የሚፈሩት ወላጆች ለምን እንደሚፈሩ የተረዳሁት አሰላ ውስጥ በእንግድነት በተገኘሁበት አንድ ቤት ነው።

ጊዜው ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። ከቤቱ አባት ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቡና እንጠጣለን። በግቢው ጥግ አምስት ልጆች በቆርኪ፣ በጭቃና አፉ በተሰበረ ጀበና ቤት ሠርተው ይጫወታሉ። ከመካከላቸው አራት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ዱላ በእግሮቹ መሐል አድርጎ እየጋለበ መጣና አያቱ ፊት ሲደርስ ልጓሙን ሳብ አደረገ።

«አኮ፣ ፈረሴ ደክሞታል። ገብስ ይሰጠው።»

«ማሻአላህ! ከየት ነው የመጣችሁት?» አሉት አያቱ።

«ከበቆጂ!»

«ያን ሁሉ መንገድ! ታዲያ ቢደክመው ምን ይገርማል?» አሉና በባዶ እጃቸው ገብስ ዘግነው ለዱላው አቀረቡለት። ልጁም ፈረሱ እስኪበላ ድረስ ጸጥ ብሎ ጠበቀ።

በዚህ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡት አባት ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ! አትዋሽ! የያዝከው ዱላ ነው። በቆጂም አልሄድክም። ሙስሊም አይዋሽም!» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ ከአያቱ ጎን ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶም የሌሎቹ ልጆች ጨዋታ ተበተነ፤ እህላቸውን ገበያ የሚያደርስላቸው ፈረስ አጥተዋልና።

እኚህ አባት ለልጃቸው የማያስቡ ሰው አይደሉም። በኢስላም ውሸት ከከባድ ወንጀሎች የሚቆጠር መሆኑን ያውቃሉ፤ ልጃቸውም ከትንሽነቱ ጀምሮ በእውነት ላይ እንዲያድግ ይመኛሉ። ጭንቀታቸው ተገቢ ነው። ጥያቄው ግን ልጁ ያደረገው በእርግጥ ውሸት ነውን? የሚለው ነው።

ክንፍ ያለው ፈረስ

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻ ተመልሰው እቤታቸው ሳሉ ነፋስ መጋረጃውን ገለጠውና የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ) አሻንጉሊቶች ታዩ። ከአሻንጉሊቶቹ መካከል ከጨርቅ ቁራጭ የተሠሩ ሁለት ክንፎች ያሉት ፈረስ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንደሆነ ጠየቋት። ፈረስ መሆኑን ነገረቻቸው። በላዩ ላይ ስላለው ነገር ጠየቋት፤ ክንፍ ነው አለች። ፈረስ ክንፍ ኖሮት ያውቃል ወይ በማለት ሲደነቁ፣ የነቢዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ስትል መለሰችላቸው። ያን ጊዜ የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ድረስ ሳቁ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ከሰዎች ሁሉ እጅግ እውነተኛ የሆኑት ነቢይ የጨርቅ ፈረስ ሲቀርብላቸው «ይህ ውሸት ነው» አላሉም። ጠየቁ፤ መልሱን አዳመጡ፤ ሳቁም።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሌላ ሐዲስ ደግሞ ይህ ጨዋታ የብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአሻንጉሊት የምትጫወተው ከጓደኞቿ ጋር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲገቡ ልጃገረዶቹ አፍረው ይሸሸጉ ነበር፤ እሳቸው ግን መልሰው ወደ እርሷ በመላክ አብረዋት እንዲጫወቱ ያደርጉ ነበር። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ «ፈትሑል ባሪ» በተሰኘው ሥራቸው ቃዲ ዒያድን ጠቅሰው እንዳሰፈሩት፣ አብዛኞቹ ዑለሞች የልጆችን አሻንጉሊት የፈቀዱበት አንዱ ምክንያት ልጃገረዶች ከትንሽነታቸው ጀምረው የቤትና የልጅ አያያዝን እንዲለማመዱበት ነው። በአሻንጉሊት ዓይነቶች ላይ የዑለሞች ዝርዝር አስተያየት ስላለ፣ ጥያቄ ያለው ሰው በአካባቢው ያሉትን ዓሊም ቢጠይቅ መልካም ነው። የኛ የዛሬ ጉዳይ ጨዋታው ራሱ ነው።

ውሸቱ የት አለ?

ውሸት የሚባለው ሌላው ሰው እውነት መስሎት እንዲቀበለው ታስቦ የሚነገር ሐሰት ነው። የዱላ ፈረስ ግን የሚያታልለው ሰው የለም። ልጁ ዱላ መሆኑን ያውቃል፤ አያቱም ያውቃሉ። ሁለቱም እያወቁ «ለጊዜው ፈረስ ይሁን» ብለው ተስማምተዋል።

ይህን ከሌላ ሐዲስ ጋር እናነጻጽረው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) ልጅ ሳለ እናቱ «ና፣ የምሰጥህ ነገር አለ» የሚል ዓይነት ቃል ተናግራ ጠራችው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይመዘገብባት እንደነበር አስገነዘቧት። ይህም በአቡ ዳውድ ዘገባ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ውሸት ሊሆን የተቃረበው የትልቁ ሰው ቃል ነበር፤ ልጁ አምኖት ይመጣ ነበርና። እኛስ በቀን ስንት ጊዜ «ዝም ካልክ ከረሜላ እገዛልሃለሁ» እንላለን? ስንቱንስ እንፈጽማለን? የልጁን ዱላ ከመንጠቃችን በፊት የራሳችንን ምላስ ብንፈትሽ ይበጃል።

ይህ ማለት ልጅ ሁሉንም ነገር «ጨዋታ ነው» እያለ ያምልጥ ማለት አይደለም። ብርጭቆ ሰብሮ «የሰበረው ፈረሴ ነው» ቢል፣ እዚያ ላይ ጨዋታው አብቅቶ ውሸቱ ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ሳንጮህ «አሁን የምትነግረኝ ጨዋታ ነው ወይስ እውነት?» ብለን እንጠይቀው። ነፍስ ማወቅ የጀመረ ልጅ ልዩነቱን ይረዳል። እውነቱን ከነገረን ስለ እውነቱ እናመስግነው። ጨዋታውን በሙሉ ውሸት ነው ብለን የከለከልነው ልጅ ግን ይህን ድንበር የሚለይበትን አጋጣሚ እናሳጣዋለን።

ከጨዋታው ምን ይማራሉ?

የሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 በሌኒንግራድ ከተማ ስለ ልጆች ጨዋታ ባደረገው ንግግር ያነሣው ምሳሌ ይኸው የዱላ ፈረስ ነበር። ትንሽ ልጅ ዓይኑ በሚያየው ነገር የታሰረ ነው። ዱላውን ፈረስ ማድረግ ሲጀምር ግን ከሚታየው ነገር ባሻገር የማይታየውን ሐሳብ መያዝ ይለማመዳል። ኋላ በትምህርት ቤት ፊደል ድምፅን፣ ቁጥር ብዛትን እንደሚወክል የሚረዳው በዚሁ ችሎታ ነው።

ሊቁ ሌላም ነገር አስተውሏል። ሁለት እህትማማቾች «እህትማማች እንሁን» ብለው ሲጫወቱ በዘወትር ኑሮ ልብ የማይሉትን ነገር ልብ ይላሉ። እህት ማለት ምን ማለት ነው? እህት ለእህቷ ምን ታደርጋለች? የሚለውን እያሰቡ ያንኑ ይፈጽማሉ። በዚህም የተነሣ የማስመሰል ጨዋታ ሕግ የሌለው ፈንጠዝያ አይደለም። እናት የሆነችው ልጅ እንደ እናት፣ ታማሚ የሆነው ልጅ እንደ ታማሚ መሆን አለበት። ታማሚው ተነሥቶ ቢሮጥ ሐኪሟ «እንዲህ ከሆነ አልጫወትም!» ትላለች። ልጁም መጫወት ስለሚፈልግ ተመልሶ ይተኛል። ማንም ሳይቆጣው፣ ማንም ሳይመታው ስሜቱን ገዝቶ የገባውን ቃል ይጠብቃል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ማኑይሌንኮ የተባለች የዚያው አገር ተመራማሪ ይህን በሙከራ አሳይታለች። ትናንሽ ልጆች «ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ» ብቻ ሲባሉ ብዙ አይታገሡም። በጨዋታ ውስጥ ዘበኛ ሆነው እንዲቆሙ ሲደረግ ግን፣ በተለይ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉት፣ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ጸንተው ቆሙ። ቁጭ በል ሲሉት የማይሰማ ልጅ ፈረሱ ገብስ በልቶ እስኪጨርስ ጸጥ ብሎ የጠበቀበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እዚያው አርሲ ደጋ ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። ፋጡማ ሮባ ከበቆጂ አካባቢ የተገኘች አትሌት ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሸንፋ በኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆናለች። ደራርቱ ቱሉና ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የአርሲ ልጆች ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር ልጆች የሩጫ ውድድር ማስመሰላቸው አይገርምም። ይህን ሲጫወቱ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ሯጭ፣ አንዱ በቆርቆሮ ጣሳ የሚያወራ ጋዜጠኛ፣ አንዷ ሜዳልያ የምታጠልቅ ባለሥልጣን ትሆናለች። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሁለተኛ ለመውጣት የተስማማው ልጅ ነው። ከሯጩ የበለጠ ጉልበት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ጨዋታው እንዲያምር ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። ራስን ለወንድም ጥቅም ማዘግየትን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ክፍል ከወዴት ይገኛል?

ቋንቋም አለ። አሰላ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገርባት ከተማ ናት። በእቃ እቃው ገበያ ገዢዋ በኦሮምኛ ስትጠይቅ ሻጩ በአማርኛ ይመልሳል፤ ዋጋ ካልተግባቡ ግብይቱ ስለሚቀር አንዱ የሌላውን ቃል ይለምዳል። ድርድር፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ማስታረቅ፣ ሁሉም በዚያች በጭቃ ቤት ውስጥ ይሞከራል።

ለሚዛናዊነት ያህል አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንጀሊን ሊላርድ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በርካታ ጥናቶችን መርምራ፣ የማስመሰል ጨዋታ ብቻውን የልጅን አእምሮ ያሳድጋል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለ፣ ምናልባትም ወደ ዕድገት ከሚወስዱ ብዙ መንገዶች አንዱ ሊሆን እንደሚችል ጽፋለች። ስለዚህ እቃ እቃ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ጎበዝ ተማሪ ይሆናል ብለን ቃል አንገባም። ነገር ግን ልጆች ተስማምተው ሲጫወቱ ትዕግሥትን፣ ተራ መጠበቅንና የሌላውን ስሜት መገመትን እየተለማመዱ መሆናቸውን ማንም ወላጅ በገዛ ዓይኑ ሊያየው ይችላል።

የሚጫወቱት እኛን ነው

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሁን ወደሚከብደው ነጥብ እንምጣ። ልጆች የአባትነትንና የእናትነትን ጠባይ ከየት ያመጡታል? ከእኛ ነው። አንድ ቀን ሳያዩን ጆሯችንን ብንጥል «አባት» የሆነው ልጅ እቤት ሲገባ ምን እንደሚል እንሰማለን። «አስሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ይገባል ወይስ «ምሳ የታል?» ብሎ ይጮኻል? «እናት» የሆነችውስ አሻንጉሊቷን ታባብላለች ወይስ ትመታለች? ይህን ሰምተን ልጁን ብንቆጣ መስተዋቱን እንደ መስበር ይሆናል። መታረም ያለበት ፊታችን ነው።

ሌላም አለ። በብዙ ቤቶች ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ወይም በሥራ የምታግዝ ታዳጊ ትኖራለች። ልጆቹ እቃ እቃ ሲጫወቱ ይህች ልጅ ሁልጊዜ ሠራተኛዋ ትደረጋለች። ሌሎቹ እናትና እንግዳ እየሆኑ ሲቀያየሩ እርሷ በጨዋታም ትታዘዛለች። እንዲህ ያለውን ስናይ በዘዴ «እስቲ ዛሬ እርሷ እናት ትሁን፣ አንቺ ደግሞ ቡናውን አቅርቢላት» እንበል። አንድ ጊዜ የሌላውን ቦታ ይዞ ያየ ልጅ ማዘዝና መታዘዝ ምን እንደሚመስል በልቡ ያውቀዋል። ስለ ሰው ልጆች እኩልነት ከምንሰብከው ብዙ ቃል ይህች የቦታ ለውጥ ትበልጣለች።

«ወንድ ልጅ እቃ እቃ አይጫወትም» እያልን የምናሳፍራቸው ልጆችም አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግራለች። ወንድ ልጅ በጨዋታ ወጥ ቢያማስል የሚቀንስበት ክብር የለም።

ከወላጅ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ጊዜ እንስጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በብዙ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ዜሮ ክፍል» ተከፍቷል፤ መልካም ነው። ቁርኣን መቅራቱም የማይታለፍ ነው። ሆኖም ልጁ ከፊደል ወደ ቂርኣት፣ ከቂርኣት ወደ ስልክ መስኮት ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ከእኩዮቹ ጋር የሚጫወትበት ሰዓት አይኖረውም። በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተባለው ኪታባቸው፣ ልጅ ከትምህርት በኋላ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት ሊፈቀድለት እንደሚገባ፣ ጨዋታ ተከልክሎ በትምህርት ብቻ የሚጠመድ ልጅ ልቡ እንደሚሞትና አእምሮው እንደሚደነዝዝ አስጠንቅቀዋል።

ሁለተኛ፣ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የሶሐባ ሴቶች በዓሹራ ቀን ለሚጾሙ ልጆቻቸው ከሱፍ መጫወቻ እየሠሩ ይሰጧቸው እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በበግ በታወቀ ደጋ ሱፍ አይጠፋም። የጨርቅ ቁራጭ፣ ባዶ ጣሳ፣ ቆርኪ፣ ላምና በሬ የሚሠራበት ጭቃ ይበቃል። ስለታም ነገርና መድኃኒት ብቻ ይራቅላቸው።

ሦስተኛ፣ ጨዋታውን ከእጃቸው አንቀማ። «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» እያልን ስናዝ ጨዋታው የእኛ ይሆናል። ሲጋብዙን ግን እንግባ። ባዶ ስኒ ቢያቀርቡልን ጠጥተን ዱዓ እናድርግላቸው።

አራተኛ፣ ወሰን እናብጅ። መማታት፣ መሳደብ፣ ደካማውን ማዋረድና በሰው ገመና መሳለቅ ጨዋታ አይደለም። እንዲህ ያለውን ስናይ ጨዋታውን በሙሉ ሳናፈርስ የተበላሸውን ብቻ እናርም።

የዚያን ዕለት ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ የክንፋሙን ፈረስ ሐዲስ ለእኚያ አባት አነሣሁላቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ዱላውን ከግድግዳው አንሥተው ልጃቸውን ጠሩና «ፈረስህ ውኃ ጠጥቷል?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ አያቱ ተመለከተ፤ እውነት ይሁን ጨዋታ እርግጠኛ አልነበረም። አያቱ ፈገግ ሲሉለት ግን ቀስ ብሎ ተጠጋና «አልጠጣም፤ ባልዲው ባዶ ነው» አለ። አባትየውም ባልዲ ፍለጋ ተነሡ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በእውነት ላይ ያሳድግልን፤ እኛንም በቃላችን የምንገኝ ወላጆች ያድርገን። አሚን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።